የወለተ ጊዮርጊስ ድምፅ

«የልጅቷን ድምፅ ግሩፑ ላይ ልቀቀው ያለችኝ እሷ ናት» አለ ክፍሉ።

«እንዲጸልይላት ብዬ ነው የላክሁለት። ልቀቀው አላልኩትም» አለች ሃኒ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሁለቱ በረጅሙ ጠረጴዛ ዳርና ዳር ቆመዋል። ኃላፊያቸው ዲያቆን ፍቅረ ማርያም መሀል ተቀምጦ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ያያል። ቬንትሌተሩ ከጣሪያው ላይ ይዞራል እንጂ የድሬን ሙቀት ንቅንቅ አላደረገውም።

«ከሁለት አንዳችሁ እየዋሻችሁ ነው» አለ ዲያቆኑ።

«አቦ ዲያቆን፣ ስልኬን እየው!» ክፍሉ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገለት። «እዚህ ጋ ነበር። ‹ወለተ ጊዮርጊስ ብለህ ግሩፑ ላይ ልቀቀው፤ ሁሉም ይጸልይላት› ብላ ጽፋልኝ ነበር። አሁን የለም!»

ዲያቆኑ ወደ ላይ ወደ ታች እያደረገ ፈለገ። የድምፅ መልእክቱ አለ። ከሥሩ የክፍሉ «እሺ» አለ። ሌላ ምንም የለም።

«እሺ ያልከው ለምኑ ነው?»

«ልቀቀው ስላለችኝ ነዋ!»

«እሺ፣ እጸልያለሁ ማለትህም ሊሆን ይችላል።»

ሃኒ መሬት መሬቱን አየች። ያንን ጽሑፍ ያጠፋችው ራሷ ናት። ሐሙስ ዕለት ወሬው መናፈስ ሲጀምር ከራሷም ከክፍሉም ስልክ አጠፋችው። አንድ ጊዜ መንካት ብቻ ነበር።

ዲያቆኑ ስልኩን መለሰለት። «ክፍሉ፣ ግሩፑን ለሌላ ሰው ታስረክባለህ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ በጉባኤው ፊት ይቅርታ ትጠይቃለህ። ከበሮውንም ለጊዜው ሌላ ልጅ ይይዘዋል።»

ክፍሉ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሲወጣ በሃኒ አጠገብ አለፈ። «አንቺ ታውቂዋለሽ» አላት በቀስታ። ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በደግ ነው። ትርንጎ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ዘማሪ ነበረች። ድምፅዋ ቀጠን ያለ፣ ከመቶ ሰው መሀል የሚለይ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሳይሳካላት ሲቀር በባቡር ጅቡቲ ሄዳ ሰው ቤት ሥራ ገባች። ሃኒ ግን አልተወቻትም። መጀመሪያ ሰሞን በየማለዳው አበባ ያለበት የጥቅስ ሥዕል ትልክላት ነበር። «አቦ አበባው በቃኝ፣ የሰው ድምፅ ላኪልኝ» አለቻት ትርንጎ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ አሥር ሰዓት ላይ፣ የትርንጎ አሠሪዎች ጋደም ሲሉ፣ ሃኒ የዕለቱን ጸሎት ግማሽ በድምፅ ቀድታ ትልካለች። ትርንጎ ቀሪውን ግማሽ ቀድታ ትመልሳለች። እንዲህ እያሉ ሰባት ወር ሆናቸው።

ባለፈው ሳምንት ዓርብ የመጣው ግን ጸሎት አልነበረም። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ለቅሶ ነው።

«ለእማዬ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ እያልኩ እዋሻታለሁ። ሄጄ አላውቅም። ካንቺ ጋር የምጸልየውም በአፌ ብቻ ነው። እግዚአብሔር የረሳኝ ይመስለኛል፣ ሃኒ። ለማንም እንዳትነግሪ።»

ሃኒ ፈራች። ይህን ብቻዋን መሸከም ከበዳት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የታመመም የተጨነቀም ሰው በጸሎት የሚታሰበው በክርስትና ስሙ ነው፤ ሰፈር ውስጥ ማን ተብሎ እንደሚጠራ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ «ወለተ ጊዮርጊስ» ከተባለ ትርንጎ የተደበቀች መሰላት። ሁለት መቶ ሰው ቢጸልይላት ምን ክፉ አለው? ድምፁን የሰንበት ትምህርት ቤቱን ግሩፕ ለሚመራው ለክፍሉ ላከችለት።

ስሙን ደበቁት። ድምፁን ግን ሁለት መቶውም ሰው ሰማው።

ሃኒ ሰፈሯ ስትደርስ ቢላን ከአባቷ ሱቅ ባንኮኒ ላይ አንገቷን አሰገገች። የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ ሱቃቸው ከእነሃኒ ቤት ፊት ለፊት ነው።

«ነያ ሃኒ! ፊትሽ ምን ሆኗል? ፈተና የወደቅሽ ትመስያለሽ።»

«ምንም አልሆንኩም።»

«የዚያች የጅቡቲዋ ልጅ ነገር ነው፣ አይደል?»

ሃኒ ቀጥ ብላ ቀረች። «አንቺ ደግሞ የት ሰማሽ?»

«ወላሂ ባጃጅ ውስጥ። ሾፌሩ ከፍቶት ነበር። እኔ የእናንተ ሰው እንኳን አይደለሁም።» ቢላን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ዝጋው አልኩት። ለጓደኛዋ ያለቀሰችውን ባጃጅ ውስጥ ይከፍታል እንዴ? ሰው ምን ነክቶታል?»

ወዲያው ስልኳ ነዘረ። ትርንጎ ናት። ከዚያ ዓርብ ወዲህ አንዲት ቃል ጽፋ አታውቅም ነበር።

«ክፍሉ ነው የለቀቀው አሉኝ። ካንቺ ስልክ ሰርቆ ነው፣ አይደል? እማዬም ሰምታዋለች። አፍሬ ስልኳን ማንሳት አቃተኝ። ካንቺ ሌላ የማወራው ሰው አልቀረኝም። እሱ ነው በይኝ።»

ሃኒ ግድግዳውን ተደግፋ «አዎ» ብላ ጻፈች። ጣቷ መላኪያው ላይ ቆመ። ይህችን ቃል ከላከቻት ትርንጎ አሥር ሰዓት ላይ እንደ ድሮው ትመለሳለች። እውነቱን ከነገረቻት ግን የመጨረሻ ሰውዋንም ታጣለች። ክፍሉ ከበሮው ቢቀርበት ነው። ለእሷ ስል ነው የምዋሸው፣ አለች በሆዷ። ሆዷ ግን እሺ አላላትም። መልእክቱን ሳትልክ ስልኳን ኪሷ ከተተችና ባጃጅ አስቆመች።

«ቀፊራ ገበያ» አለችው ሾፌሩን።

የትርንጎ እናት እትዬ ሚሬ ከበርበሬና ከእርድ ጆንያዎቿ ጀርባ ተቀምጣለች። ሃኒን ስታይ ተነሣች።

«መጣሽ ልጄ? ሦስት ቀኔ ነው ስደውል። ይጠራል፣ አታነሳም። አንቺንስ?»

«አሁን ጻፈችልኝ።»

«ተመስገን!» እትዬ ሚሬ ደረቷን ይዛ መልሳ ተቀመጠች። «ደህና ናት? ትበላለች?»

«ደህና ናት። ስልክ የማታነሳው አፍራ ነው።»

«ከእኔ? ቤተ ክርስቲያን ሄድሽ ወይ የምላት እኮ ሌላ የምጠይቀው ነገር ስለማላውቅ ነው። የዚያን አገር ምን አውቄ ልጠይቃት?» በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ያ ክፍሉ የሚሉት ልጅ አሁን ከዚህ መሄዱ ነው። መጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ። ‹የሰው ለቅሶ መሆኑን እያወቅሁ፣ የማን ነው ብዬ እንኳ ሳልጠይቅ ለቀቅሁት፣ ይቅር በይኝ› አለኝ። ማን ሰጠህ ብለው፣ ሞቼ እገኛለሁ አለ። አልነገረኝም።»

ሃኒ ከጆንያዎቹ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ ሚሬ። ልቀቀው ያልኩትም እኔ ነኝ። ከዚያ የጻፍኩትን አጠፋሁና እሱ ላይ ዋሸሁ።»

እትዬ ሚሬ አላየቻትም። አንዲት ሴትዮ መጥታ ሩብ ኪሎ እርድ ጠየቀች። እትዬ ሚሬ መዘነች፣ ጠቀለለች፣ ሰጠች። ሴትዮዋ ሄደች።

«ለትርንጎ ነግረሻታል?»

«ገና ነው።»

«እንዳትነግሪያት።»

ሃኒ የሰማችውን ማመን አቃታት። «እንዴት?»

«ስሚኝ። እኔን አታነሳም። የቀረሻት አንቺ ነሽ። አንቺንም ካጣች እዚያ በረሃ ውስጥ ማን አላት? እኔ ይቅር ብዬሻለሁ። ክፍሉም ወንድ ልጅ ነው፣ ይችለዋል።» እጇን ያዘቻት። እጇ በበርበሬ ሻክሯል፣ ያቃጥላል። «በቁልቢው ገብርኤል ይዤሻለሁ፣ ተይው። ዝም ብለሽ አውሪያት።»

ከገበያው መሀል አህያ የሚነዳ ልጅ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያለ አለፈ። ሃኒ ስልኳን አወጣች። ከትርንጎ ጥያቄ ሥር «አዎ» እንደተጻፈች ናት። እትዬ ሚሬም አየቻት፤ ማንበብ ትችላለች። በዓይኗ ላኪያት አለቻት።

ምን ያህል ቀላል ነበር! እናት ራሷ ፈቅዳለች። ግን ነገ አሥር ሰዓት ላይ ትርንጎ እንደገና ብታለቅስ፣ ሃኒ በየትኛው አፏ ታጽናናታለች? ትርንጎ ልቧን የምትከፍተው የተሰረቀባት ለመሰላት ሰው ነው። ሌባው ግን እዚሁ ነው።

ቃሏን ፊደል በፊደል አጠፋቻት።

«እትዬ ሚሬ፣ አትቀየሚኝ» አለች። «አሁን እደውልላታለሁ፣ እዚሁ አጠገብሽ ሆኜ። ያስለቀቅሁት እኔ ነኝ፣ ክፍሉ አልሰረቀኝም እላታለሁ። እናትሽ አልተቆጣችም፣ አጠገቤ ናት፣ ድምፅሽን ትፈልጋለች እላታለሁ። ነገም ይህንኑ ለጉባኤው እናገራለሁ። እኔን ትዝጋብኝ፤ አንቺን ግን ታነሳሻለች።»