የጠፋው የዝማሬ አንጓ

የአርዶናይ ሐይቅ ያለ ነፋስ መናወጥ የጀመረው የዝማሬው መሪ ቶርዳን በድንገት በሞተበት ማለዳ ነበር። በሐይቁ ሥር ጉምሩድ የተባለው ዘንዶ ተኝቷል፤ የሚያስተኛውም የቅዱስ ግጥም እመቤት ፖሊሂምንያ ለጥንት አባቶች የሰጠቻቸው፣ በየንጋቱ የሚዘመረው ዝማሬ ነው። የመጨረሻውን አንጓ የሚያውቀው ግን ቶርዳን ብቻ ነበር። የአገሩ ሕግ አንጓው በሞት አልጋ ላይ ካልሆነ ከአባት ለልጅ እንዳይነገር ያዛል። ቶርዳን ደግሞ ከፈረስ ወድቆ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ አለፈ። አገር ሙሉ ሕይወቱን በአንድ ሽማግሌ ጉሮሮ ላይ አንጠልጥሎ በሰላም ይተኛ ነበር፤ ጉድ ነው መቼም!

ልጁ ሌዋና ለማልቀስ እንኳ ፋታ አላገኘችም። ውኃው የታችኛውን ሰፈር ደጃፍ ሲነካ ንጉሡ ፊት ቀርባ «ፖሊሂምንያ ዋሻ ሄጄ አንጓውን ሳልይዝ ብመለስ ይህች ምድር አትቀበለኝ» ብላ ማለች። የአባቷ ጋሻ ጃግሬ የነበረው ቆርሞስም ማንም ሳይጠይቀው ፈረሱን ጫነ።

በመንገድ ላይ ዕረፍት የሚባል ነገር አላወቀችም። ቆርሞስ ብይ ሲላት ትነሣለች፤ ተኚ ሲላት ኮርቻ ታጠብቃለች። እሱም ከእሷ ጋር ከመጓዝ በቅሎ ማሠልጠን ይሻለኝ ነበር እያለ እያጉረመረመ ተከተላት።

ከእመቤቲቱ ዋሻ ደጃፍ ሲደርሱ ቆርሞስ የሚያውቀውን ነገራት። ፖሊሂምንያ የመጣ ሰው በልቡ የያዘውን ታውቃለች፤ የምትዘምርለትም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የሰው ድምፅ ከሰማች ታቋርጣለች፤ ዳግመኛም አትጀምርም።

«ልጄ፣ ምንም ብትሰሚ ወደ ኋላ እንዳትዞሪ» አላት።

«አንተስ ጋሼ?»

«እኔ ከደጁ አልርቅም።»

ፖሊሂምንያ ተከናንባ፣ ጣቷን ከከንፈሯ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ሌዋና ስትንበረከክ ጣቷን አንሥታ መዘመር ጀመረች። በዚያው ቅጽበት ዱካቸውን ሲከተል የነበረ ክንፋም እባብ፣ የጉምሩድ ልጅ፣ ከደጁ ደረሰ። ሌዋና የጋሻ መሰንጠቅ ሰማች፤ ቀጥሎም የአጥንት መሰበር። የቆርሞስ ድምፅ ግን አልተሰማም። ልቧ እየነደደ፣ እንባዋ እየወረደ፣ እያንዳንዷን ቃል ያዘች። ዝማሬው መሃል ላይ ሳለ ከበስተኋላዋ ይሰማት የነበረው የቆርሞስ ትንፋሽ ቆመ።

ሲያልቅ ዞረች። የቆርሞስ ጦር ከእባቡ ጉሮሮ ውስጥ ተተክሎ ነበር። ቆርሞስ የጋሻውን ጠፍር በጥርሱ ነክሶ ከጎኑ ወድቋል።

ከተማዋ አርዶናይ ስትደርስ ውኃው የቤተ መንግሥቱን ደረጃ ይወጣ ነበር። ዐደባባይ ቆማ ዘመረች። አንጓው መሃል ላይ፣ የቆርሞስ ትንፋሽ ከቆመበት ቃል ስትደርስ፣ ድምፅዋ ተቋረጠባት፤ ሕዝቡም ጠፋን ብሎ ጮኸ። ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ ጨረሰችው፤ ውኃውም ቀስ እያለ ሸሸ።

በዚያው ቀን አንጓውን ለልብስ አጣቢውም ለጀልባ ቀዛፊውም ማስተማር ጀመረች። ሽማግሌዎቹ ሕግ ፈረሰ ብለው ተቆጡ።

«ሕጉ አንድ ሰው በልቶብኛል» አለቻቸው፤ «ሁለተኛ አልሰጠውም።»

ሕዝቡም አንጓውን እንደ ሰማው ተማረው፤ መሃል ላይ ዝም ማለቱን ጭምር። ሌዋና አርጅታ ድምፅዋ ከከዳት በኋላም በየንጋቱ ዐደባባይ መውጣቷን አልተወችም። አትዘምርም፤ ከተማው ሁሉ ዝም የሚልባትን ያቺን አንዲት ትንፋሽ ብቻ ቆማ ሰምታ ትመለስ ነበር።