የአናጺው ደም

ሽማግሌው አናጺ አልጋው ላይ ሞቶ ሲገኝ ፊቱ እንደ ሰም ነጥቶ ነበር። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አፉን አየች። ምላሱ ቀልቶና ልሙጥ ሆኖ ያብለጨልጫል፤ የከንፈሩም ውስጥ ቆስሏል።

«መርዝ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል!» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም በሩ ላይ ቆሞ። «‹ምላሴን አቃጠለኝ› እንዳለ ነው የሞተው። የምታበስልለት ደግሞ ምራቱ ናት።»

ምራትየዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ በአማቷ ወርክሾፕ እንጨት እየቀረጸች የምትኖር ሴት ናት። ቀና አለች። ለወትሮው «አንቱ» የምትለውን ሰው ያን ዕለት «አንተ» አለችው።

«ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም! ያበሰልኩትን አባባ ብቻውን በላው? አንተም ሰሃን ስትጠርግ ነበር!»

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ሌላ ነገር ተናገረ።

«መርዝ አላገኘሁም። ቀይ የደም ሴሎቹ ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም ያለ ልክ ተልቀው ሥራ የማይሠሩ። ሰውነት ፎሊክ አሲድ ሲያጣ እንዲህ ይሆናል፤ ሰው ይገረጣል፣ ይደክማል፣ ምላሱ ይቃጠላል። የሳቸው ግን ብሶ የሰውነታቸው በሽታ መከላከያም ወደቀና ኢንፌክሽን ገደላቸው።»

«ፎሊክ አሲድ ከምን ይገኛል?»

«ከአረንጓዴ ቅጠል፣ ከባቄላ፣ ከጉበት።»

የመርማሪዋ አለቃ ይህን ሲሰማ እፎይ አለ። «በቃ፣ የምግብ ጉድለት ነው። መዝገቡን ዝጊው።»

«ጓዳውን ሳላይ አልዘጋም።»

«ትእዛዝ ነው!»

«ሰምቻለሁ» አለችና ኮቷን አንስታ ወጣች።

ጓዳው ውስጥ ጎመኑም ቆስጣውም እንደለመለመ ነው፤ ባቄላውም ተነክሯል። መርማሪዋ ሟቹ ምን ይበሉ እንደነበር ስትጠይቅ ሴት ልጃቸው ቅር እያላት መለሰችላት።

«ሁላችንም ከአንድ ማዕድ ነው የምንበላው። ደግሞ አባባ በየቀኑ የፎሊክ አሲድ ክኒን ይውጥ ነበር። ለመገጣጠሚያው ሕመም በሳምንት አንዴ የሚወስደው መድኃኒት ፎሊክ አሲድን ስለሚያከሽፍ የሚያክመው ሐኪም ነው ያዘዘለት።»

«ቢልቃጡን ማን ይከፍትላቸው ነበር?»

«ጣቶቹ ስለታጠፉ አጠገቡ የተገኘ ሰው።»

መርማሪዋ የፎሊክ አሲዱንና የመገጣጠሚያውን መድኃኒት ቢልቃጦች ከፈተች። በሁለቱም ያሉት ክኒኖች ደቃቃና ቢጫ ናቸው። ወደ ላቦራቶሪ ላከቻቸውና ወንድምየውን ወርክሾፑ ውስጥ፣ ቫርኒሽ ሲቀባ አገኘችው።

«ወንድምዎ ወርክሾፑን ለማን ሊተዉት ነበር?»

«ለእሷ! ዕድሜ ልኬን ቫርኒሽ ስቀባ የኖርኩት ሰውዬ በሴት ልታዘዝ?»

«መድኃኒታቸውንስ ይሰጧቸው ነበር?»

«እኔ? ቢልቃጡን ነክቼም አላውቅ!»

ውጤቱ ሲደርስ መርማሪዋ ሦስቱን ሳሎን ሰበሰበቻቸው። አለቃዋም ተኮሳትሮ ጥጉን ያዘ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ቢጫ ክኒኖች ደረደረች።

«ይህ ሟቹ በየቀኑ ይወስዱት የነበረው ቫይታሚን፣ ፎሊክ አሲዱ ነው። ማንንም አይጎዳም። እስቲ አንድ አንድ ዋጡ።»

ምራትየዋ አንስታ አፏ ውስጥ ወረወረችው። «ይኸው! አሁንስ አመናችሁኝ?» ሴት ልጅየዋም ዋጠች። የወንድምየው እጅ ግን መንገድ ላይ ቀረ።

«እርስዎስ ምነው? እነሱ የዋጡት ከመድኃኒት ቤት የገዛሁትን ትክክለኛውን ቫይታሚን ነው። እርስዎ ግን ከሟቹ ቢልቃጥ የወጣ መሰለዎት» አለች መርማሪዋ። «ጎመን እየበላ፣ ቫይታሚን እየዋጠ ፎሊክ አሲድ ያጣ ሰው ምን ነካው ብዬ ጠየቅኩ። የጎደለው ምግቡ አይደለም። የቫይታሚኑ ቢልቃጥ ውስጥ የተገኘው የመገጣጠሚያው መድኃኒት ነው። በሳምንት አንዴ የሚበቃውን ጠዋት ጠዋት ሲውጡ ኖሩ። መድኃኒታቸው ራሱ ደማቸውን አደረቀው።»

«እኔ ስለመሆኔ ምን ማስረጃ አለሽ?»

«ነክቼም አላውቅም ያሉት ቢልቃጥ ክዳን ሥር ቫርኒሽ ደርቋል፤ በቫርኒሹም ላይ የጣትዎ አሻራ ታትሟል። ምራታቸው እንጨት ትቀርጻለች እንጂ ቫርኒሽ አትነካም። የምላሳቸውን መቃጠል ያወሩትም በእሷ ሊያላክኩ ነው።»

ሰውየው ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሳ። «እና ምን ይሁን! በሴት አልታዘዝም ብያለሁ፣ አልታዘዝም!»

«ከእንግዲህስ ይታዘዛሉ» አለች መርማሪዋ ካቴናውን እያወጣች። «እጅዎን ያምጡ።»

አለቃዋ ከጥጉ ወጥቶ በሩን ከፈተላቸው።

ውጭ የወርክሾፑ ሠራተኞች ግራ ገብቷቸው ቆመዋል። ምራትየዋ ሽርጧን እያሰረች በመሃላቸው አለፈች።

«ምን ያፈዛችኋል? ያንን ጥሩውን ጣውላ አውርዱ። የአባባን የሬሳ ሣጥን ሌላ ሰው አይሠራውም» አለችና መጋዙን አነሳች።