ለቦሼ የገለበጥኩት ደብተር

ግንቦት 9 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ስህተቴን አየሁት።

ጂንካ መብራት ከጠፋ ቀናት ተቆጥረዋል፤ ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ዝግ ነበሩ። ፍቅረኛዬ ቦሼ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የክፍል ጓደኛዋን የናርዶስን የባዮሎጂ ደብተር ለአንድ ቀን ተውሳ፣ ታፔላ ወደምጽፍበት ቤት አመጣችው። እኔ ከስምንተኛ ያቋረጥኩ ነኝ፤ ጽሕፈቴ ግን ያምራል። ቀኑን ሙሉ ስገለብጥላት ዋልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ቅጂውን ስትወስድ ሳቀች።

«ተገኝ፣ ይሄ እኮ የፋርማሲ ታፔላ ነው!»

«ታፔላ ቢያንስ ይነበባል። ያንቺን ጽሕፈት ማን ያነባል?»

«ካለፍኩ አርባ ምንጭ ነኝ። አንተስ?»

«እጠብቅሻለኋ።»

«ውሸታም! በወሩ ሌላ ታገባለህ።»

ዓይኖቿ ግን አልሳቁም።

ከሰዓት በኋላ ደብተሩን ለናርዶስ ልመልስ ስል ገለጥ አደረግኩት። ዲኤንኤ ወደ አርኤንኤ ሲገለበጥ በ«ቲ» ፊደል ፈንታ «ዩ» ይገባል። እኔ ግን ዲኤንኤው ላይ ቲ ስላየሁ ናርዶስ የተሳሳተች መስሎኝ ዩዎቹን በሙሉ ወደ ቲ አርሜአቸው ነበር። ዳር ላይ፣ መምህሩ በቀይ «አርኤንኤ ላይ ቲ የለም» ብሎ ጽፏል። ሳላየው አልፌዋለሁ።

የቦሼ ቤት አሥር ደቂቃ አያስኬድም። አልሄድኩም። አርባ ምንጭ አልኩ በልቤ፤ እዚያ ስንት የተማረ ወንድ አለ።

እሁድ ከቸርች ስትመለስ መጣች። «በል ጠይቀኝ» አለች። ጠየቅኳት።

«ዲኤንኤው ላይ ኤ ካለ አርኤንኤው ላይ ቲ ይመጣል። ልክ ነኝ?»

«ልክ ነሽ» አልኳት።

የፈተናው ውጤት ሲመጣ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ሦስት ነጥብ ጎደላት። ሦስቱ በዚያ ገጽ ሰበብ ይሂዱ አይሂዱ አላውቅም። «ስፈተን ጽሕፈትህ እኮ ፊቴ ላይ ድቅን ብሎ ነበር፤ እኔው ነኝ ደደብ» ብላ ደረቴ ላይ አለቀሰች። ፀጉሯን ዳበስኩ።

በጥር ተጋባን። እውነት ለመናገር፣ በጣም ተዋደን ነው የኖርነው። ሰው ስለ ትምህርት ባነሳ ቁጥር ግን «እኔ ጭንቅላት የለኝም» ትል ነበር። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ አሥር ዓመት ሄደ። በ2014 ጉበቷን ታማ አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ፣ ለቅሶ ልትደርስ ለመጣችው ለናርዶስ ሁሉንም ነገርኳት።

«ለእሷ ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም።»

ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ቤቴ መጥታ አታውቅም።