በሁለት ስም የመጣ ፖስታ

በኦሃዮ ወንዝ ዳር፣ ከድልድዩ ሥር ባለችው ነጭ ቤት፣ ዴልበርት ክራብትሪና ሚስቱ ኦፓል ኀምሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሁሉን ነገር በጋራ ይዘው ኖሩ። ቤቱ የጋራ፣ መኪናው የጋራ፣ የመቃብር ቦታቸው እንኳ የጋራ ነበር፤ ድንጋዩ ላይ የጎደለው ቀን ብቻ ነው። በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ ስለ አዛውንቶች የጤና መድን የሚያወሩ ወፋፍራም ፖስታዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይመጣሉ። ዴልበርት አንዱን ሳይከፍት ይጥላል። “ያው አንድ ነገር ነው፤ ወረቀት ተርፏቸው ነው” ይላል። የሚጥለው ሁልጊዜ የኦፓል ስም ያለበትን ነበር። በክፋት አይደለም፤ የእሱ ከላይ ስለሚሆን ነው።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት አንድ የመድን ወኪል የሰፈሩን አዛውንቶች ምግብ ቤት ሰብስቦ ፓይ የሚሉትን የዱባ ኬክ ጋበዘ። ሐኪሙም፣ መድኃኒቱም፣ መነጽሩም፣ ጥርሱም በአንዲት ካርድ የሚጠቃለልበት አዲስ መድን ይዞ መጥቷል። ዴልበርት “ጥርስ” ሲባል ሲሰማ ሹካውን አስቀመጠ። ሰባት ዓመት እጁን አፉ ላይ ጭኖ ነው የሳቀው። በሰኔ ደግሞ የልጅ ልጃቸው ጆሊን ልታገባ ነው።

“ባለቤትዎም ይገባሉ?” አለው ወኪሉ።

“እኛ አንድ ነን” አለ ዴልበርት፤ ብዕሩንም ለኦፓል አቀበላት። እሷም ባሳያት ቦታ ፈረመች። የኀምሳ አንድ ዓመት ትዳር መቼስ እንዲህ ነው…

ጥር ሲገባ ለአዲሱ ጥርስ ቦታ እንዲለቅቁ የቀሩት ጥርሶቹ ተነቀሉ። በዚያው ሳምንት ኦፓል ከድልድዩ ማዶ ላለችው የልብ ሐኪሟ፣ ለዶክተር ቬነብል ደወለች። የኦፓልን ደካማ ልብ ዘጠኝ ዓመት ጠብቃ ያኖረችው ይህች ሐኪም ነበረች።

“እኛ እምቢ ብለን አይደለም እማማ” አለቻት ስልክ የምታነሳው ልጅ። “አዲሱ መድንዎ ወንዙን አይሻገርም፤ የሚከፍለው በእናንተ በኩል ላሉ ሐኪሞች ብቻ ነው።”

ከኪስ ከፍሎ ለመታከም አቅም የለም። ከወንዙ ወዲህ ያለው የልብ ሐኪም ደግሞ የሰጣት ቀጠሮ ለሚያዝያ አሥራ ዘጠኝ ነው! ዴልበርት ያለ ጥርስ እየተኮላተፈ ሲጠይቅ ውሎ አንድ ነገር አወቀ፤ እስከ መጋቢት መጨረሻ ድረስ አንድ ጊዜ ወደ ድሮው መድን መመለስ ይቻላል።

“እንመለስ” አላት።

“የድሮው መድን ጥርስ አይሸፍንም። ጆሊንን በድድህ ልትድራት ነው?”

“ልብሽስ?”

“ልቤ ፎቶ ላይ አይወጣም።”

መድኑ ውስጥ የሚገቡትም የሚወጡትም አብረው እንደሆነ ሁለቱም አልተጠራጠሩም። ከዚያ ወዲያ ዴልበርት እንቅልፍ አጣ። ኦፓል ደረጃውን ስትወጣ በጥር አንድ ጊዜ ታርፍ ነበር፤ በየካቲት ሁለቴ፤ በመጋቢት ሦስቴ። ማረፏን እንዳታፍርበት እሱም አጠገቧ ጎንበስ ይልና “ቆይ፣ ጫማዬን ልሰር” ይላታል። ጫማው ማሰሪያ አልነበረውም። እሷም ይህን ታውቃለች።

የመጋቢት የመጨረሻ ቀን ዴልበርት ወደ ድሮው መድን ደወለ። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ሰማ። በመጨረሻ የሰው ድምፅ “ምን ልርዳዎት?” ሲል የኦፓል ጣት መጥቶ ስልኩን ዘጋው።

“ከነገ ወዲያ ጥርስህ ይደርሳል” አለችው። “እኔ ደህና ነኝ። ተቀመጥና ሾርባህን ጠጣ።”

ጥርሱ ደረሰ። ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ ፈገግ ሲልላት ኦፓል ብዙ አየችው። “ያን ያገባሁትን ሰውዬ ከየት አመጣኸው?” አለች። ያን ቀን ሁለቱም ሳቁ፤ እሱም እጁን አፉ ላይ አልጫነም።

ሚያዝያ አሥራ አንድ ቀን፣ ቀጠሮዋ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ደረጃው ላይ ለሦስተኛ ጊዜ አረፈች። ዴልበርት እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ “ቆይ፣ ጫማዬን ልሰር” አላት። እሱ ቀና ሲል እሷ ቀና አላለችም።

በሰኔ ሰርጉ ሆነ። ፎቶ አንሺው “ፈገግ ይበሉልኝ አባባ” ሲለው ዴልበርት እጁን አፉ ላይ አደረገ።

ጥቅምት ሲመለስ ፖስታዎቹም ተመለሱ፤ ዛሬም ሁለት። ዴልበርት ሁለቱንም ይዞ ቤተ መጻሕፍት ሄደ። እዚያ አርዲዝ የምትባል ጡረታ የወጣች መምህርት አዛውንቶችን በመድን ጉዳይ በነጻ ታማክራለች።

“የእሷን አስቁሙልኝ” አላት። “የለችም። ድሮም ለሁለታችን አንዱ ይበቃን ነበር።”

“ነፍስ ይማር” አለች አርዲዝ። “ግን አቶ ክራብትሪ፣ ይሄ መድን ለሁለት አይሆንም። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ነው። ባል አንዱን፣ ሚስት ሌላውን መያዝ ይችላሉ።”

ዴልበርት ሁለቱን ፖስታዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ። “ታዲያ እሷ ብቻዋን ወደ ድሮው ተመልሳ፣ እኔ እዚህ ከጥርሴ ጋር…”

“ይቻል ነበር” አለች አርዲዝ ቀስ ብላ። “ማንም አልነገራችሁም?”

“ፖስታው ውስጥ ሳይኖር አይቀርም።”

ዕጣ ፈንታ ሳይጠራ ይመጣል ይላሉ። እነዴልበርት ቤት ግን በየዓመቱ ስም ተጽፎበት ሲመጣ ኖሯል። ሰውን ከሚወደው ሰው የሚለየው ሁልጊዜ ጥላቻ ነው ያለው ማን ነው? አንዳንዴ “እኛ አንድ ነን” ማለትም ይለያያል።

ዴልበርት ቤቱ ገብቶ ወጥ ቤት ተቀመጠ። የራሱን ፖስታ ሳይከፍት ጣለው። የኦፓልን በቢላዋ ቀስ አድርጎ ከፈተና፣ መስመሩን በጣቱ እየተከተለ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላት ጀመር።