የጋሽ ቲጃኒ ግዢ

ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለው የኤርሲዶ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ሞተሩ ከወጣለት ብዙ ዓመት የሆነው አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ቆሟል። የመኪናው ባለቤት «መጣሁ» ብሎ እንደ ሄደ ቀረ። መኪናው ለመንገድ አልሆን ቢል ለማዕረግ በቃ። በሳምንቱ ውስጥ አዲስ የእጅ ዕቃ የገዛ መካኒክ ሁሉ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ዕቃውን የሚያሳየው በዚህ መኪና ኮፈን ላይ ነው። ሙስሊሞቹ ከመስጊድ እስኪመለሱ ክርስቲያኖቹ እነ ኤርሲዶ ይጠብቃሉ፤ ማንም ቀድሞ አይነካም። ከዚያ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ በመዳፍ ይመዘናል፣ ይደነቃል፣ ይታማል። ሲበቃቸው ከመካኒኮቹ ሁሉ አንጋፋው ቲጃኒ «አላህ በረካ ያድርግበት» ይላል፤ ኤርሲዶ «ጌታ ይባርከው» ብሎ ይከተላል። የዕቃው ባለቤትም በአዲሱ ዕቃ አንድ ቡሎን ፈትቶ መልሶ ያስራል። ይህ ሳይደረግ ዕቃው ሥራ አይጀምርም።

ሰው በእጅ ዕቃው ቢኮራ አይፈረድበትም። ከጉሮሮው ቀንሶ የገዛው እንጀራው ነው። ኩራቱ የሚበላሸው ሌላ ቦታ ነው፤ እሱንም እነሆ።

ወሩ ኅዳር ነበር፤ በጅማ ዙሪያ ያለው ቡና ሁሉ የሚቀላበት፣ ሰው እንቅልፍ የሚያጣበት ወር። በዚያች ዓርብ ቲጃኒ ኮፈኑ ላይ ያስቀመጠው አርባ ስድስት ፍሬ ያለው፣ የቡሎን ራስ እየዋጠ የሚፈታ የቡሶላ ስብስብ ነበር። ክዳኑን ሲከፍተው ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ተረጨ። ኤርሲዶ አንዱን ቡሶላ አንስቶ እያገላበጠ፣

«ጋሼ፣ ይሄንንማ በዘይት በጠቆረ እጅ መንካት ነውር ነው» አለ።

«ለዚህ እጅ የተሠራ ነው» አለ ቲጃኒ፣ ቀኝ መዳፉን ዘርግቶ። ያ መዳፍ በጅማ የታወቀ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ቡሎን ያጠበቀው በስሜት ብቻ ነው። «የቲጃኒ እጅ የነካው» ከተባለ ሰው መኪናውን ሳይፈትሽ ይነዳል።

ቀጥላ የመጣችው ሄርሜላ ናት። ከሆሳዕና መጥታ እዚህ ጋራዥ ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሥራ የተማረችው ከራሱ ከቲጃኒ ነው። በጨርቅ የተጠቀለለ ባለ ረጅም እጀታ ቁልፍ ከቡሶላው አጠገብ አስቀመጠች። ያገለገለ ነው፤ እጀታው ተፋፍቋል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«ቶርክ ሬንች ነው ጋሽ ቲጃኒ። ልኩን ይሞሉታል፤ ቡሎኑ የሚበቃውን ያህል ሲጠብቅ ቀጭ ብሎ ይነግርዎታል።»

«እኔንስ ቡሎኑ ራሱ ይነግረኛል። በሃያ ስምንት ዓመት ያላወጋነው ነገር የለም።»

ሳቁ ግቢውን ሞላው። ሄርሜላም ፈገግ አለች፤ ግን አልተወችም።

«እጅ ይደክማል ጋሼ። ጠዋት ያጠበቀውና አመሻሽ ላይ የሚያጠብቀው እኩል አይሆንም።»

«ይሄኮ እጁን ለማያምን ሰው የተሠራ ነው» አለ ቲጃኒ፣ የቡሶላውን ክዳን እየዘጋ። «ስንት ነገር ያስተማርኩሽ ልጅ፣ ገንዘብሽን እዚህ ላይ መጣልሽ ቆጨኝ።»

ብሎ ሄደ። በረካ አላለበትም። በዚያ ኮፈን ላይ ተቀምጦ ሳይመረቅ የተነሣ ዕቃ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሄርሜላ ቁልፏን መልሳ በጨርቁ ጠቀለለችው። ኤርሲዶም በአንጋፋው ላይ መናገር ከብዶት ምርቃቱን ዋጠው።

ሰኞ የቲጃኒ ታናሽ እህት ፈድሊያ ከጅማ ወጣ ብላ ካለችው ሰርቦ ደወለች። እሷና ጎረቤቶቿ በጋራ የሚገለገሉበት የቀይ ቡና መፈልፈያ አለ፤ የሚያሽከረክረው የናፍጣ ሞተር ነው። ሞተሩ እየጋለ ውሃ ይጠጣል፤ የቴስታታው ጋርኒሲዮን አልቆለታል ማለት ነው። የማያውቅ ካለ፣ ቴስታታ የሞተሩ ክዳን ነው፤ ጋርኒሲዮን ደግሞ በሞተሩና በክዳኑ መካከል ገብቶ ውሃውንና እሳቱን የሚለያይ ስስ ንጣፍ ነው። ክዳኑ እኩል ካልታሰረ ንጣፉ ይበላል።

ቲጃኒ በዚያን ቀን ከንጋት ጀምሮ ሁለት የጭነት መኪና ሠርቶ ነበር። ቢሆንም እህቱ ናት፤ አዲሱን ቡሶላ ይዞ ሄርሜላን አስከትሎ ሰርቦ ወረደ። ሰው ከቦ ቆሞ ያያል። ቲጃኒ በሚያብለጨልጨው ዕቃ አሮጌውን ንጣፍ አወጣ፣ አዲሱን አስገባ፣ ክዳኑን መልሶ ያስር ጀመር። ወደ መጨረሻዎቹ ቡሎኖች ሲደርስ ክንዱ ዛለ። መዛሉን ለማንም አልተናገረም፤ ለራሱም ጭምር።

ሄርሜላ ጠጋ ብላ በዝግታ፣ «ጋሼ፣ ቁልፉን ይዤዋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ልለካው?» አለችው።

«ሰው ፊት እጄን ልትፈትሺ ነው?»

ሄርሜላ ወደ ኋላዋ ተመለሰች። ሞተሩ ተነሣ። ሰዉ አጨበጨበ። ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው ኩመራ የቲጃኒን እጅ ጨብጦ አልለቅም አለ። ከሁሉ የኮራችው ግን ፈድሊያ ነበረች። ለዓመቱ ትልቁ ለቀማ ራቅ ወዳለው መፈልፈያ ሊሄዱ የነበሩ ሰባት ጎረቤቶቿን ቤት ለቤት ዞራ መለሰቻቸው። «ወንድሜ የነካው ሞተር አይቆምም፤ እዚሁ አምጡ» አለቻቸው። አመኗት።

ቀይ ቡና የተለቀመ ዕለት መፈልፈል አለበት። ካደረ በራሱ ሙቀት ይበስላል፤ ይኮመጥጣል። ከዚያ በኋላ የታጠበ ቡና ሊሆን አይችልም፤ በማድረቂያ አልጋ ላይ ከነቅርፊቱ ተሰጥቶ ጀንፈል ይሆናል፤ ያም ቢሆን የኮመጠጠ ነውና ገዢ ፊቱን ያዞርበታል። የዓመት ድካም በአንድ ሌሊት ማለት ይኸው ነው።

ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ፣ የስምንት ቤት ቡና በጆንያ ተደርድሮ ተራ ሲጠብቅ፣ ሞተሩ ነጭ እንፋሎት ተፍቶ ቆመ።

ለቲጃኒ ቢደወልም፣ የሚተካው ጋርኒሲዮን የተገኘው በማግስቱ ጠዋት ነው። ቲጃኒና ሄርሜላ ሰርቦ ሲደርሱ ሽታው ከበር ተቀበላቸው። ፈድሊያ አንዱን ጆንያ ፈትታ እጇን እስከ ክርኗ ከትታ ነበር። ስትደነግጥ ወደ ኦሮምኛ ትመለሳለች።

«ማል ታኤ፣ ወንድሜ? ምን ሆነ? እጄን አቃጠለኝ እኮ።»

ቲጃኒ ወደ ሞተሩ አለፈ። ቴስታታውን መፍታት ጀመረ። ከዳር ያለውን ቡሎን ሲነካው ያለ ጉልበት ዞረ፤ ላልቶ ነበር። የሚቀጥለው ግን እንቢ ብሎ አስጨነቀው። ሲያወጣው አንገቱ ቀጥኗል፤ ከልክ በላይ ተጎትቶ ሳስቷል። አንዱን በድካም አላልቶ፣ ሌላውን ለማካካስ ከልክ በላይ አጥብቆታል። ቲጃኒ ነገሩ ገባው። ቡሎኑን በመዳፉ ሸሸገው። ሄርሜላ አየችው።

ኩመራ ደግ ሰው ነው። የቲጃኒ ፊት ሲጠቁር አይቶ መውጫ አቀበለው።

«ጋርኒሲዮኑ ነው አይደል ጋሼ? የዘንድሮ ዕቃ እኮ ሁሉም ውዳቂ ነው።»

ቀላል ነበር። «አዎ» ቢል ማንም አይጠይቀውም። የሃያ ስምንት ዓመት ስሙ ሳይነካ ጅማ ይመለሳል። ቃሉም ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ፈድሊያ ከጆንያው አጠገብ ሆና እያየችው ነው፤ ከኋላዋም ሰባቱ ጎረቤቶች። ምንጊዜም የሚያየው በእሱ የሚመካ ዓይኗን ነበር። አሁን ዓይኗ መልስ ይጠብቃል። ቲጃኒ መዳፉን ከፈተ።

«ጋርኒሲዮኑ ምንም አልበደለም» አለ። «ወላሂ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ያንን አላላሁት፣ ይሄንን ከልኩ በላይ ጎተትኩት። ይቺ ልጅ ልለካው ብላኝ ነበር፤ ሰው ፊት አፈርኩና ከለከልኳት።»

 ፈድሊያ የፈታችውን ጆንያ መልሳ አሰረችና፣

«ሰፈሩን የጠራሁት እኔ ነኝ» አለች። «አንተ ጅማ ትገባለህ። ነገ ፊታቸውን የማየው እኔ ነኝ።»

«አልገባም» አለ ቲጃኒ። «በየቤታቸው አብሬሽ እዞራለሁ። የበደለው የእኔ እጅ እንጂ ያንቺ አፍ አለመሆኑን እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ከዚያም ወደ ሄርሜላ ዞረ። እንዲህ ያለ ሰው ከተማሪው ዕቃ ሲለምን ምን ያህል እንደሚከብደው የሚያውቅ ያውቀዋል።

«ያንን ቁልፍ አምጪልኝ፣ ልጄ።»

ሄርሜላ ጨርቁን ፈታችና እጀታውን አቀበለችው። «ራስዎ ያጥብቁት። እኔ ልኩን ከሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ አነብልዎታለሁ፤ ስልኬ ላይ አለ።»

አዲሱን ጋርኒሲዮን አስገብተው፣ የሳሳውን ቡሎን በሌላ ተክተው፣ ክዳኑን ከመሃል ወደ ዳር ተራ በተራ አጠበቁት። ሁለት ቡሎኖች ላይ ቲጃኒ ቁልፉ ቀጭ ከማለቱ በፊት በቃ ሊል ነበር። ሦስት ላይ ደግሞ ቀጭ ካለ በኋላ እጁ ልቀጥል አለው። ያ ታማኝ እጁ አምስት ጊዜ ሊያታልለው ሞከረ። ቲጃኒ እያንዳንዷን ቆጠራት።

ሞተሩ ተነሣ። የዕለቱ ቡና ተፈለፈለ፤ ያደረው ግን አልጋ ላይ ወጣ። ቲጃኒ በዚያን ቀን ከሰባቱ ቤት አንዱም ሳይቀረው ከእህቱ ጋር ዞረ። አንዳንዱ «የአላህ ነገር ነው» ብሎ አጽናናው፤ አንዱ ሽማግሌ ግን ከበር አላስገባውም። ይህንንም ተቀበለ፤ ምን ይላል?

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ከጁምዓ መልስ ሰዉ እንደ ልማዱ ኮፈኑን ከበበ። ኤርሲዶ አዲስ ፒንሳ አስቀምጧል። ቲጃኒ ከኪሱ ያንን አንገቱ የቀጠነ ቡሎን አውጥቶ ከፒንሳው ጎን አኖረው።

«ጋሼ፣ ከቁርጥራጭ ተራ ነው እንዴ የገዙት?» አለ ኤርሲዶ እየሳቀ።

«በዕድሜዬ ከገዛሁት ዕቃ ሁሉ ውዱ ይሄ ነው» አለ ቲጃኒ። «የከፈልኩበት እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ ባልነገርኳችሁ ነበር። ስምንት ቤት ከፍሎበታል።»

ሳቁ ቆመ። ቲጃኒ የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራቸው፤ እጁ ሊያታልለው የሞከረባቸውን አምስቱን ሳያስቀር።

«ልምድ ትልቅ ነገር ነው፤ አልንቀውም» አለ ሲጨርስ። «ግን ልምዴ አትለካኝ ሲለኝ ነው መፍራት የነበረብኝ። ሥራዬን አስፈትሼ ቢሆን የማጣው ትንሽ ኩራት ነበር። ባለማስፈተሼ ሰው ዓመቱን አጣ። ሄርሜላ፣ ቁልፍሽን አምጪው። የባለፈው ሳምንት ዕዳ አለብኝ።»

ሄርሜላ ቁልፉን ኮፈኑ ላይ አስቀመጠች። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ቲጃኒ በሁለት እጁ ይዞ፣ «አላህ በረካ ያድርግበት። ለያዘችውም ጭምር» አለ። ኤርሲዶም ባለፈው የዋጠውን ጨምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ መረቀው። ሄርሜላ አንድ ቡሎን ፈትታ መልሳ አሰረች፤ ቁልፉ ቀጭ ሲል ግቢው ሁሉ ሰማው።

እናንተም ሐኪም ሁኑ አናጺ፣ መምህር ሁኑ ሹፌር፣ «እኔን ማን ሊፈትሸኝ» ያላችሁባት ቀን ከኋላችሁ ስንት ጆንያ ተራ እንደሚጠብቅ አስቡ። የሚኮራ ሰው ሥራው ሲለካ አይሸሽም።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ቲጃኒ ኮፈኑ አጠገብ ቆሞ ሳለ ፈድሊያ ደወለች። ከጀርባዋ የመፈልፈያው ድምፅ ሳያቋርጥ ይሰማል።

«ጎረቤቶችሽስ?» አላት።

«ሦስቱ ተመልሰዋል። አራቱ ገና ናቸው፤ ይመጣሉ ኢንሻአላህ። ከተመለሱት አንዱ በር የከለከሉህ ሽማግሌ ናቸው፤ ዛሬ ጆንያቸውን ይዘው መጡ።»

«እሳቸው? ምን ብለሽ ነው ያመጣሻቸው?»

«ወንድሜ የነካው ነው አላልኳቸውም» አለች ፈድሊያ፣ የድሮው ኩራቷ በድምጿ ውስጥ እየተመለሰ። «ወንድሜ የለካው ሞተር ነው አልኳቸው።»