ያልተበሳው ቋሚ

ተገኝን ከታክሲው ሲያወጡት እጆቹ መሪውን እንደጨበጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2006፣ በሰው አገር፣ በረዶ ባደረበት ማለዳ፣ ከአውራ ጎዳናው ወደ ፒዮሪያ ስትሪት በሚያስወጣው መንገድ ላይ፣ በእንጨት ቋሚዎች የተያዘውን የመንገድ ዳር የብረት መከላከያ ጫፍ ገጭቶ ሞተ። ከቤት የወጣው ከሚስቱ ከጌጥነሽ ጋር ተጣልቶ ነበር። ሰው መቼም አፍ አያጣም፤ «ሆን ብሎ ነው» ተባለ። ወሬው ከሐዘኑ ብሶ አንገበገባት።

የጌጥነሽ ጓደኛ ትርፌ፣ ሌክውድ በምትባል ጎረቤት ከተማ የምትሠራ መሐንዲስ ናት፤ እንጀራዋ መኪናን በኮምፒውተር ከመንገድ ዳር መከላከያ ጋር ማጋጨት ነው።

«እህቴ፣ ሆን ብሎ ትቶኝ ሄዶ እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ» አለቻት ጌጥነሽ።

ትርፌ ያንኑ ታክሲ፣ በዚያው ፍጥነት፣ ሃያ ጊዜ አጋጨችው። ሃያ ጊዜም ሾፌሩ ዳነ። ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚድን ሰው መንገዱ ላይ ለምን ሞተ? ጥያቄው እንቅልፍ ነሳት።

መጀመሪያ የታክሲውን ፍሬን የጠገነውን መስፍንን ጠየቀችው።

«እኔን ነው የምትጠረጥሪው? ፍሬኑን በአዲስ ነው የቀየርኩት!» ብሎ ተቆጣ።

ቀጥላ የሟቹን ታላቅ ወንድም ጋሽ ዳኛቸውን ይዛ ወደ ቦታው ሄደች። እሳቸው የመንገድ ጥገና ሠራተኛ ናቸው፤ መከላከያውንም በኅዳር የጠገኑት ራሳቸው ነበሩ።

«ግሩም እንጨት ነው» አሉ፣ ከግጭቱ በኋላም ሳይሰበር የቆመውን ቋሚ መታ መታ እያደረጉ። «አንድ በአንድ የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

ትርፌ ጎንበስ ብላ የእንጨቱን ሥር ዙሪያውን ዳሰሰች። ከዚያ በኋላ ቀና ብላ እሳቸውን ማየት አቃታት።

እሑድ ከሰዓት ጌጥነሽ፣ ልጇ ሔቨን፣ መስፍንና ጋሽ ዳኛቸው ሳሎን ተሰበሰቡ።

«ታክሲው ውስጥ ያለው፣ የመኪናውን እንቅስቃሴ የሚመዘግበው መቅረጫ ፍሬን መያዙን ያሳያል» አለች ትርፌ። «ፍሬኑም ሠርቷል፤ መስፍን ንጹሕ ነው። መሪው ደግሞ ከመከላከያው ለመሸሽ ዞሯል። ሊሞት የፈለገ ሰው እንዲህ አያደርግም፤ በረዶው ነው ያንሸራተተው።»

«ዳዲ ብሬክ አድርጎ ነበር?» አለች ሔቨን።

«እስከ መጨረሻው።»

ጌጥነሽ ደረቷን ይዛ አለቀሰች። «ሊመለስልኝ ነበር! ሊመለስልኝ ነበር እኮ!»

«ታዲያ ምን ገደለው?» አለ መስፍን።

ትርፌ ምነው ባልጠየቀኝ አለች በልቧ።

«የመከላከያው ጫፍ ቋሚዎች ከሥር በኩል ሆን ተብሎ ይበሳሉ፤ መኪና ሲመታቸው ቶሎ ተሰብረው ግጭቱን እንዲያበርዱ። እዚያ ያሉት አልተበሱም። ኮምፒውተሩ ላይ የነበሩትን የተበሱ ቋሚዎች ባልተበሳ እንጨት ስቀይራቸው፣ ሾፌሩ ሞተ።»

ጋሽ ዳኛቸው ፊታቸው አመድ ለበሰ።

«የተላከልን የተበሳ ነበር» አሉ። «ብልሹ ዕቃ መስሎኝ መለስኩት። ወንድሜ በየቀኑ የሚያልፍበት ነው ብዬ ጠንካራ ጠንካራውን...»

ትርፌ አንዷን ከእሳት አውጥታ ሌላውን መክተቷ ገባት።

ጋሽ ዳኛቸው ኮታቸውን አንስተው ወደ በሩ ሲያመሩ ጌጥነሽ ቀድማ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ቤትዎ አይሄዱም» አለች፣ እንባዋን ሳትጠርግ። «በእኔ ምክንያት ሞተ የሚል ሐሳብ ይዞ ብቻን ማደር ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ።»