የስቱዲዮው ኮት

ክልሉ በተቋቋመ በሁለተኛው ዓመት፣ ጋምቤላ ውስጥ መምህር ጥዑመልሳን በገዛ አልጋው ላይ ታንቆ ተገኘ። አፉ ውስጥ ፎቶግራፍ ተጠቅጥቆበታል። ሰው ሲጨክን እንዲህ ነው! መርማሪው ኦጁሉ ፎቶውን አውጥቶ ጠረገው። ሟቹ በጦርነቱ ዘመን የተነሣው ነው፤ የወታደር ኮት ለብሶ፣ ትከሻው ላይ ኮከብ ደርድሮ ይስቃል።

«ሻምበል ነበር እንዴ?» አለች የቤቱ አከራይ እሙዬ። «ስምንት ዓመት ቤቴ ሲኖር ትንፍሽ አላለም፤ ጉድ እኮ ነው! የግቢው በር ደግሞ ከውስጥ እንደተቆለፈ ነው ያደረው።»

ኦጁሉ ፎቶውን ገለበጠው። ጠርዙ ላይ የእርሳስ ምልክት አለ፤ ጀርባው ላይ ቫርኒሽ የነካው ጣት አሻራ ታትሟል።

በግቢው የቀረው ተከራይ አናጢው ኩን ነው። አባቱን ቦትን በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት አንድ ሻምበል ባሮ ወንዝ ዳር ረሽኖበታል። የአባቱ ፎቶ እንኳ የለውም፤ ያንን ሻምበል ሳያገኝ እንደማይሞት ሲምል ኖሯል።

«ይህን ፎቶ አይተኸው ታውቃለህ?»

«ኧረ እኔ! ቤቱም ገብቼ አላውቅ።»

ከሰዓት በኋላ ኦጁሉ ሁለቱንና የከተማውን ፎቶ አንሺ ሽማግሌ ታደሰን ማንጎው ጥላ ሥር ሰበሰበ።

«የእርሳሱ ምልክት የፍሬም ልክ ነው» አለ። «እዚህ ግቢ ፍሬም የሚሠራ፣ ቫርኒሽ የሚነካ አንድ ሰው ነው። መምህሩ ፍሬም ሥራልኝ ብሎ ፎቶውን ሰጠህ፤ ኮከቡን ስታይ ደምህ ፈላ። ባትገድለው ለምን ትዋሸኛለህ፣ ኩን?»

ኩን ቀና አለ። «አዎ፣ ገደልኩት! አባቴን የገደለው ሻምበል ነው። ደስ ብሎኛል!»

ኦጁሉ ካቴና አስገባለትና ፎቶውን ፊቱ ያዘለት። «እስቲ ኮከቡን ቁጠር።»

«በግራ ሦስት...» ድምፁ ሟሸሸ። «በቀኝ ሁለት።»

«በአንድ ትከሻው ሻምበል፣ በሌላው መቶ አለቃ የሆነ መኮንን አይተህ ታውቃለህ? ጋሽ ታደሰ፣ ይንገሩት።»

«ኮቱ የስቱዲዮዬ ነው» አሉ ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው። «አንድ የተዛወረ ሻምበል ትቶልኝ ሄደ። አንዱ ኮከብ ከወደቀ ቆየ። ለጨዋታ ያልተነሣበት የለም፤ መምህሩም እንደዚያው ነው።»

ከፖስታ ውስጥ ፎቶዎች እያወጡ ደረደሩ። ያው ኮት፣ በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሁለት፤ ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ ሰባኪው። መጨረሻ ላይ እንደ አገሩ ወግ ግንባሩ ላይ ስድስት መስመር የተተለተለበት ቀጭን ሰው ብቅ አለ፤ እሱም ይስቃል።

«አባቴ!» ኩን በካቴና የታሰረ እጁን ዘረጋ። «ጌታዬ፣ እባክህን፣ ስጠኝ! ፊቱ ጠፍቶብኝ ነበር።»

ኦጁሉ ፎቶውን ወሰደው።

«ማስረጃ ነው» አለና ፋይሉ ውስጥ ከተተው።